ከክፍል ውጪ ማስተማር የጀመረው የልጄ ኬጂ

ልጄ የምትማርበት አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኬጂ ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ግቢ ውስጥ ማስተማር ጀምሯል። በጣም ወድጄዋለሁ። መስተካከል ያለበት ነገር ግን አለ።

ግቢው ሰፊ አይደለም። መሃል ከተማ ላይ ማን ሰፊ ግቢ አለው? አንድ ትልቅ ወይራ፣ ጥግ ላይ ጥቂት ጽድ፣ ከኋላ ደግሞ ያልተነጠፈ አፈር አለ። በቂ ነው። ልጆቹ የረገፈ ቅጠል ለቅመው ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረድራሉ፣ ጠጠር ይቆጥራሉ፣ በስንጥር አፈር ላይ ፊደል ይጽፋሉ፣ በጣሳ ውሃ እየቀዱ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሞላ ያያሉ። አንድ ጠዋት ቆሜ ሳይ ሁሉም ጉንዳን ላይ አቀርቅረው ነበር። መምህሯ "ተነሱ፣ ሰዓት አለቀ" አላለችም። "ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል?" ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። አንዷ "ለእናታቸው ምሳ ሊያደርሱ ነው" ስትል ሌላው "አይደለም፣ ቤታቸው ዝናብ ገብቶበት ነው" አለ፣ ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ገና የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ናቸው። ሥዕል ቀልሙ ተብለው ወረቀት ሲሰጣቸው እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የመምህሯ ትዕግሥት ነው ይህን ያመጣው።

የወላጆች ቴሌግራም ላይ ግን ጭቅጭቅ ነበር። "የምንከፍለው ጭቃ እንዲያቦኩ ነው?" ያለ አለ፣ "ምች ይመታቸዋል" ያለችም አለች። አልፈርድባቸውም፣ ትምህርት ቤቱ ነገሩን ያስተዋወቀን በአንዲት አጭር ስብሰባ ነው። ልጆቹ ምን እንደሚማሩበት በደንብ ማስረዳት ነበረበት። ደግሞም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የዛሬው ኬጂ መነሻ የሆነውን ተቋም በ1837 እ.ኤ.አ. የከፈተው ጀርመናዊው ፍሮቤል ለልጆቹ የሚኮተኩቱት የአትክልት መደብ ይሰጣቸው ነበር። ለዓይንም ይጠቅማል። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጪ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ሩቁን አጥርቶ የማየት ችግር የያዛቸው ከመቶ 30 ያህሉ ሲሆኑ፣ እንደ ወትሮው ከተማሩት ግን 40 ገደማ ነበሩ።

አሁን ቅሬታዬ። ሰማዩ ጠቆር ሲል ሁሉም ወደ ክፍል ይገባል። ነጎድጓድ ካለ ልክ ናቸው፣ ካፊያ ግን ምን ያደርጋል? ዴንማርክና ጀርመን ጫካ ውስጥ የሚውሉት ኬጂዎች እኮ ልጆቹን የዝናብ ልብስና ቦት አልብሰው በዝናብም ያስወጧቸዋል፣ እኛ ደግሞ ክረምታችን ረጅም ስለሆነ እንዲህ ከቀጠለ ፕሮግራሙ የበጋ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው። ፀሐዩስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ኮፍያ አምጡ ያለን ግን የለም። ለእጅ መታጠቢያ ያለው አንድ ቧንቧ ብቻ ስለሆነ ሰልፉ ጊዜ ይበላል። ከሁሉም የከነከነኝ ረዳቷ ናት። መምህሯ "ንኩትና እዩት" ትላለች፣ ረዳቷ ከኋላ "ተይ፣ ትቆሽሻለሽ!" ትላለች። ሁለቱ አብረው መሠልጠን አለባቸው።

ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁንም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ዓይነት ኬጂ ልጅ ልታስመዘግቡ ካሰባችሁ ረፋድ ላይ ሄዳችሁ ግቢው ውስጥ ትንሽ ቁሙ። ለአንድ መምህር ስንት ልጅ እንደሚደርስ፣ ውሃ ሲጠፋ በምን እንደሚታጠቡ ጠይቁ። ቅያሪ ልብስና ኮፍያ ቦርሳቸው ውስጥ ይኑር፣ ነጭ ካልሲ ግን ይቅርባችሁ።