ጀልባ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታናግሩ ብር እንዳታወጡ

የባሕር ዳርና የዙሪያዋ ወገኖቼ፣ ይህን ምስጋና ሆዴ ውስጥ ይዤው መቀመጥ አቃተኝ።

እናቴ የየካቲት 16ን ንግሥ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳ ካላከበረች ዓመቱ ዓመት አይመስላትም። ታንኳ ላይ መቀመጥ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ስለዚህ ትንሽ የሸራ ጀልባ ላሠራላት ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሠሪ የባሕር ጀልባ ፎቶ እያየ ሠራልኝ። ከሆዷ ስር ከባድ የብረት ክንፍ ገጠመላት። ጣና እኮ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ጭቃ። በግንቦት ውሃው ሲሸሽ ለሙከራ ወጣን፣ ከዳር 50 እርምጃ ሲቀረን ጭቃው ላይ ተተከለች። እናቴን አዝዬ ወጣሁ። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ «ተወው ልጄ፣ በቃኝ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ስደውልለት «ፎቶውን ያመጣኸው አንተ» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ስም አልጠራም፤ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጎረቤቴ ነው ወደ ጋሼ የላከኝ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጀልባ ሲጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። በዳህላክ ደሴቶች መሃል ውሃው ስስ ነው፣ ስሩም ኮራል ነው፤ ሆዷ የጠለቀ ጀልባ እዚያ አትገባም አሉኝ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እናቴ ነው። ፀሐይ ትችላለች? የትኛው ዳር ላይ ነው የምትወርደው? በማግስቱ ሜትራቸውን ይዘው ቤት መጡ። «እናቴ፣ እስቲ እግርዎን ያንሱልኝ» አሏት። እግሯ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመሩ። የጀልባዋ መውጫ ልክ እዚያ ከፍታ ላይ ተቆረጠ። መስመሩን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።

ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ጥልቀቱን በሽመል እየለኩ። ስሌቱን አስረድተውኛል፤ እውነት ለመናገር አልገባኝም። ጀልባዋ ሆደ ሰፊ ናት፣ ውሃ ውስጥ የምትገባው ሁለት ስንዝር አይሞላም። መሃሏ ላይ በገመድ የሚወርድና የሚሳብ ሳንቃ አለ። ነፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋት ይይዛታል፤ ዳር ስትደርሱ ትስቡታላችሁ። ከላይ የጨርቅ ጥላ አላት። ከድሮዋ ጀልባ የተረፈውን ጣውላ መልሰው ተጠቀሙበት፣ ብረቱንም ሸጠው ከሒሳቤ ላይ ቀነሱልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ዘንድሮ የካቲት 16 እናቴ ዘጌ ላይ በገዛ እግሯ ወረደች። ነጠላዋን እንኳ ጠብታ አልነካውም። ጋሼን ግንባራቸውን ስማ «ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ» እያለች ደጋግማ መረቀቻቸው።

እባካችሁ እሳቸውን አሠሩ። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የምትወርዱበትን ዳር አይታችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።