ኤርታሌ እና ኪላዌያ፦ ከሥራቸው ያለው ልዩነት

ሁለቱም እሳተ ገሞራዎች ቀይ ቅልጥ አለት ይተፋሉ። መነሻቸው ግን ለየቅል ነው።

የሃዋዩ ኪላዌያ ያለው በፓስፊክ ሳህን መሀል ነው፤ ሳህን ማለት የምድርን ውጫዊ ክፍል ከሚሠሩት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ የአለት ንጣፎች አንዱ ነው። ከጥልቅ የሚመጣ ትኩስ አለት ሳህኑን ከሥር ይበሳዋል፤ ሳህኑ ደግሞ በላዩ ይንሸራተታል። ወደ ሰሜን ምዕራብ በተሄደ ቁጥር ደሴቶቹ የሚያረጁት ለዚህ ነው።

ኤርታሌ ጋ ግን መሬቱ ራሱ እየተሰነጠቀ ነው። አፋርም ከሥሩ ትኩስ አለት አለው፤ ዋናው ጉዳይ ግን የሳህኖቹ መራራቅ ነው። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥፍር እንደሚያድገው ቀስ እያሉ ይለያያሉ። አንዳንዴ ግን ውጥረቱ ባንዴ ይፈነዳል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ባለው የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ቀናት እስከ 8 ሜትር ስፋት ተከፈተ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰፊ መንገድ ያህል!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የኛው ነው። ኪላዌያ ደሴት ያሳድጋል፤ አፋር ውስጥ አህጉር ለሁለት እየተከፈለ ነው።