«በስምሽ እናስገባው» ለሚሏችሁ የዋይፋይ ሻጮች ፋይዳችሁን አትስጡ

ኮምቦልቻና ደሴ ቤት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱና ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ላላችሁ ነው የምጽፈው። ግቢ ለግቢ እየዞሩ «ያልተገደበ ዋይፋይ» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የ6 ወር ክፍያ በአንዴ ይቀበላሉ። ደረሰኝ አይሰጡም። እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አሠራራቸው ቀላል ነው። አንድ ቤት የፋይበር መስመር ይገባል። ከዚያ ገመድ በጣሪያ በጣሪያ እየተሳበ ወደ ጎረቤት ግቢዎች ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ የተከራየችበት ግቢ ሄጄ አይቼዋለሁ። ገመዱ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር በፌስታል ታስሯል። መገጣጠሚያው ላይ የተጠቀለለው ናስትሮ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ለእሷና ለጓደኞቿ የሰጧቸውን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው፤ «የአጠቃቀም ደንብ» ይላል። ማኅተም የለውም። የድርጅት ስም የለውም። የንግድ ፈቃድ ቁጥር የለውም። ከታች አንድ የሞባይል ቁጥር ብቻ አለ። ተራ ቁጥር 4 እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛው ከልክ በላይ ከተጠቀመ አገልግሎቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም።» ልኩ ስንት ነው? የትም አልተጻፈም። ደውዬ ጠየቅሁ። «እሱን እኛ እናየዋለን» አለኝ ሰውየው። ያልተገደበ ብሎ ሸጦ፣ ገደቡን በልቡ ይዞ፣ ሲፈልግ ይቆርጣል ማለት ነው። ገንዘቡ ደግሞ ቀድሞ ኪሱ ገብቷል።

ደንብ መኖሩ አይደለም ችግሩ። ሕጋዊ የኢንተርኔት አቅራቢም ደንብ አለው። ሰው ያልጠየቀውን የማስታወቂያ መልእክት በጅምላ አትላኩ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሰብራችሁ አትግቡ፣ ቫይረስ አታሰራጩ፣ ሕግ የከለከለውን ነገር አትለጥፉ ይላል። አንዳንድ ያልተገደቡ ጥቅሎችም ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ግን መጠኑ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ቅሬታ ቢኖራችሁም የምትሄዱበት ቢሮ አለ።

እነዚህ የአቅራቢ ደንቦች ላይ ደግሞ ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የገባን መስመር ለሌላ ሰው መሸጥ በአብዛኛው ክልክል ነው። ከውሉም በላይ ሕጉ አለ። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዳችሁን አሳዩኝ በሏቸው። ወዲያው ወሬ ይቀይራሉ።

አቅራቢው አንድ ቀን ነቅቶ መስመሩን ቢዘጋው የከፈላችሁት ገንዘብ የት ይጠየቃል? አቅራቢው አያውቃችሁም፤ ደንበኛው እናንተ አይደላችሁም። ሻጩ ስልኩን ያጠፋል። አለቀ።

ስለ ፍጥነቱም ትንሽ ልበል። «20 ሜጋ ነው» ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት የሚደርሰው ለአንዱ ቤት ነው። 20 ክፍል ማታ ማታ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ሜጋ ቢት ነው። በዚህ ፍጥነት ጥራት ያለው ቪዲዮ ማየት አይታሰብም። ተማሪ ደግሞ ኢንተርኔት የሚፈልገው ማታ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ይተካል። እኔን ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ነው። ለአንዳንድ ተከራዮች «መስመሩን በስምሽ እናስገባውና አንቺ በነጻ ትጠቀሚያለሽ» ይሏቸዋል። የፋይዳ ኮፒና አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ኪሱ ባዶ ለሆነ ተማሪ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ይመስላል። እንዳትቀበሉ!

ምክንያቱን ላስረዳ። ከዚያ ራውተር (ዋይፋዩን ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ 20 ክፍል ቢኖርም፣ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው በአንድ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በአንድ የመስመር መለያ ቁጥር ነው። አንዱ ተከራይ የሰው አካውንት ቢሰብር፣ ሌላው በሐሰተኛ ገጽ ሰው ቢያጭበረብር፣ የሦስተኛው ላፕቶፕ ሳያውቀው በቫይረስ ተይዞ ቀን ከሌት የማስታወቂያ ኢሜይል ቢረጭ፣ አቅራቢው መዝገብ ላይ የሚወጣው አንድ ስም ነው። እሱም የፈረመው ሰው ስም ነው። ውሉም ብዙ ጊዜ በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ በመስመሩ ለሚደረገው ሁሉ ተጠያቂው ደንበኛው ነው።

ጊዜ ስላለፈ ይረሳል አትበሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒውተር ትራፊክ ዳታን (ከየት ወደ የት፣ መቼ ግንኙነት እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ) ለ1 ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያዛል። ዛሬ የተሠራ ጥፋት ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሻጩ ከተማ ቀይሯል፤ እናንተ ተመርቃችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ ነው። ፖሊስ ሲጠራችሁ «መስመሩን የሚሸጠው ሌላ ሰው ነበር» ብላችሁ በምን ታስረዳላችሁ? ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ ስሙን እንኳ በትክክል አታውቁትም። ወርሃዊ ሂሳቡ ሳይከፈል ቢከማችም ዕዳው በእናንተ ስም ነው የሚቀመጠው።

ሌላም አለ። ራውተሩ በእጁ ያለ ሰው የትኞቹን ድረ ገጾች እንደምትከፍቱ ማየት ይችላል። ከፈለገም የባንካችሁን ገጽ ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ሊመራችሁ ይችላል። በማታውቁት ሰው ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ስልካችሁ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ካስጠነቀቃችሁ ዝጉት። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ስትጠቀሙ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሥሩ።

ኢንተርኔት ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ተማሪ ወጪ ቢጋራ አይፈረድበትም። አንድ ቤት አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን አከራያችሁ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ የአቅራቢው አገልግሎት ማዕከል ሄዶ በትክክለኛው አድራሻ ያስገባ። አብረው ለሚኖሩ ሰዎች መጋራት ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ እዚያው ጠይቁ፤ ውሉንም ይዛችሁ ውጡ። ፓስወርዱ ከግቢ አይውጣ።

ለአከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። ጋሼ፣ እትዬ፣ «ገመዱ በጣሪያችሁ ብቻ ይለፍ፣ ለእናንተ በነጻ ነው» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ነገ ተከራይ ሲጣላ፣ ፖሊስ ሲመጣ፣ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብሩን ወይም የባንኩን መልእክት አታጥፉ። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ገንዘባችሁን በጽሑፍ መልእክት ጠይቁ፤ በቃል ብቻ አትነጋገሩ። እምቢ ካሉ ማስረጃውን ይዛችሁ የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው። ብቻችሁን ከምትሄዱ የከፈላችሁት ተሰብስባችሁ ሂዱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ፋይዳችሁን የሰጣችሁ ግን ነገ ጠዋት ወደ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ። በስሜ የተመዘገበው መስመር የትኛው ነው ብላችሁ አስፈትሹ። እናንተ የማትጠቀሙበት ካለ አዘጉት፣ ቀሪ ሂሳብ ካለ ጠይቁ፣ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አስጽፉ። ያችን ወረቀት ከዲግሪያችሁ ጋር አስቀምጧት።