መንገዳችንን ለከፈቱልን ጋሼ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ባለፈው ፌብሩዋሪ ነው። እጄ የታዘዘልኝ ግን በረዶው ቀልጦ፣ ሣሩ በቅሎ፣ ቅጠሉ እንደገና መርገፍ ሲጀምር ነው። ዛሬ ጠዋት ትንበያው ላይ የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ ሲጠቀስ ሰማሁና ከዚህ በላይ ማዘግየት ነውር መሰለኝ።

ማመስገን የምፈልገው በረዶ የሚጠርጉልንን ሰው ነው። ስማቸው አደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው ልጥራቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው።

እናቴ በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ በየቀኑ 4 ሰዓት ያህል። ይህ ቀጠሮ ዛሬ ቀርቶ ነገ ይሁን አይባልም። ሲዘገይ ውሃው ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ደሟ ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ደግሞ ለልብ አደገኛ ነው። እኛ ቤት በረዶ ሲወራ መጀመሪያ የምናየው የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ያን የፌብሩዋሪ ሳምንት በረዶው የጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ትንበያው 15 ሴንቲ ሜትር ብሎ ነበር። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጋሼ መጥተው አንድ ጊዜ ጠርገው ሄዱ። እኔም ተረጋግቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስነቃ ቤቱ እንግዳ ዝምታ ነበረው። አዲስ የወደቀ በረዶ ድምፅ ይውጣል። መኪና ቢያልፍ አይሰማም፣ ውሻ ቢጮህ ከሩቅ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ያን ዝምታ ስሰማ ሆዴ ይባባል። በመስኮት ሳይ የመኪናዬ ጎማ ጠፍቷል። የከተማው በረዶ ገፊ መኪና መንገዱን ጠርጎ ሲያልፍ ደግሞ የግቢያችን መውጫ ላይ ወገቤ ድረስ የሚሆን ግድግዳ ትቶልን ሄዷል። ያኛው በረዶ ከሰማይ እንደወረደው አይደለም። ተጨፍልቆ፣ ከጨውና ከጭቃ ጋር ተቦክቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

አካፋ ይዤ ወጣሁ። ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ይህን ያስብ። የመኪና መግቢያችን ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲተኛበት 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቀላሉና ደረቁ በረዶ እንኳ ቢሆን 1 ቶን ገደማ ሊሆን ይችላል። እርጥቡ ሲሆን 3 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአካፋ፣ በጨለማ፣ በብርድ ማንሳት አለበት። ብርዱ የደም ሥርን ያጠብባል። ትንፋሽን ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት ደግሞ የደም ግፊትን ያሻቅባል። በየዓመቱ በረዶ ሲጠርጉ ልባቸው የሚቆም ሰዎች አሉ። ይህን አውቃለሁ። ግን እናቴ ከውስጥ ተኝታለች፣ ቀጠሮዋ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ትዝ የሚለኝ የኒውዮርክ ግዛቷ ከተማ የቡፋሎ ነገር ነው። በዲሴምበር 2022 ገና ሰሞን በወረደው የበረዶ ማዕበል እዚያ አካባቢ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አንዳንዶቹ መኪናቸው ውስጥ ተቀርቅረው፣ አንዳንዶቹ በረዶ ሲጠርጉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አምቡላንስ መድረስ አቅቶት። አካፋዬን ተደግፌ የቆምኩት ያንን እያሰብኩ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቢጫ መብራት የጎረቤት ግድግዳ ላይ ሲሽከረከር አየሁ። ጋሼ ነበሩ። አልደወልኩላቸውም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣

“አንቺ ልጅ፣ አካፋውን አስቀምጪና ግቢ። እማማን አልብሺልኝ። ስትወጡ መንገዱ ይጠብቃችኋል” አሉኝ።

ገባሁ። እውነቴን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ወጥተን ስናይ ግድግዳው የለም። የመኪናው መግቢያ አስፋልቱ ይታያል። እኔን ግን የነካኝ ደረጃው ነው። አምስቷን ደረጃ በእጃቸው፣ በትንሽ አካፋ፣ እስከ ጠርዟ ጠርገው አሸዋ በትነውባታል። የብረቱን መደገፊያ ሳይቀር ጠርገዋል፤ እናቴ ያለ እሱ እንደማትወርድ ያውቃሉ። ከዚያ ፒክአፓቸውን አስነስተው ከፊት ከፊታችን በረዶውን እየገፉ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። እናቴ በሰዓቷ ማሽኑ ላይ ነበረች።

በማግስቱ ለዚያ ሌሊት የተለየ ሂሳብ እንዲጠይቁኝ ደወልኩላቸው። “ውሉን አንብቢው እንጂ ልጄ” አሉኝ። አነበብኩት። ከታች በእጃቸው ጽፈዋል፦ “ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከ11 ሰዓት በፊት። እማማ ሐኪም ቤት።” ስንዋዋል በወሬ መሃል ያነሳሁትን ነገር ነው ይዘው የጻፉት። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ከጋሼ በፊት የነበረውን ክረምት ሳስታውስ ይህ ለምን እንደሚገርመኝ ይገባችኋል። ሌላ ሰው ነበር የያዝነው። ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለ። የመጀመሪያውን በረዶ ጠረገ፣ ሁለተኛውን በማግስቱ ማታ መጣ፣ ከሦስተኛው በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ያን ጊዜ እናቴን ያወጣናት እኔና ሁለት ጎረቤቶች ተጋግዘን ነው። ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም የማነሳው። በረዶ ጠራጊ ሲያዝ የሰዎችን ቃል ብቻ ማመን እንደማይበቃ የተማርኩት ያኔ ስለሆነ ነው።

ጋሼ ሥራውን ያውቁታል። በአማርኛ እኛ ሁሉንም በረዶ ብለን እንጨርሳለን። እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውም በረዶ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም በረዶ። እሳቸው ግን የራሳቸው ስም አላቸው። ደረቁን “ዱቄት”፣ እርጥቡን “ሊጥ”፣ ዝናብ ወርዶ መሬት ሲነካ የሚረጋውን “መስታወት” ይሉታል። ለእያንዳንዱ የሚያደርጉት ይለያያል። ዱቄቱን አጠራቅመው በአንዴ ሊገፉት ይችላሉ። ሊጡን ሳይከብድ ቶሎ ቶሎ ያነሱታል። መስታወቱ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ጨው ይበትናሉ። ከመጣ በኋላ ይዘገያል። ተራው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አቅም ያጣል። ያኔ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጨው ይጠቀማሉ፣ እግር እንዳይንሸራተት አሸዋ ይጨምሩበታል። እኔ ከዚያ በፊት በዚያ ሁሉ ብርድ ተራ ጨው በከረጢት እየደፋሁ ለምን አይቀልጥም እል ነበር።

ይህን ሁሉ የተማሩት ቦስተን ሲሠሩ ነው። በፈረንጆቹ የ2015ቱን ክረምት እዚያ ነበሩ። በዚያ ወቅት ከተማዋ ላይ በድምሩ 281 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ወርዷል፣ ከዚያ በፊት ያን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም። አብዛኛው የወረደው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። “መግፋት አይደለም ያስቸገረን፣ የምናስቀምጥበት ማጣት ነው” ይላሉ። ከመንገድ ተነስቶ አንድ ቦታ የተከመረው በረዶ የመጨረሻው ቀልጦ ያለቀው በጁላይ ነው። ሰው ቁምጣ ለብሶ ሲሄድ የበረዶ ክምር ቆሞ ነበር ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን ግቢውን ዞረው ያዩት። የማርች በረዶ የት እንደሚያርፍ በኖቬምበር ነው የሚያስቡት።

አንድ ዘዴ አሳይተውኛል፣ ለራሳችሁ ለምትጠርጉም ይጠቅማል። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ፊታችሁን ወደ መንገዱ አዙራችሁ ቁሙ። የጠረጋችሁትን በቀኝ በኩል ከምሩት። ከመግቢያው በስተግራ ደግሞ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሜትር ባዶ ኪስ ጥረጉ። የከተማው መኪና ከግራ ሲመጣ የተሸከመውን እዚያ ኪስ ውስጥ ያራግፋል፣ በራችሁ ላይ የሚተወው በጣም ይቀንሳል።

ሌላው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። በጃንዋሪ አንድ ቀን ጠርገው ጨርሰው በሩን አንኳኩ። ከቤቱ ጎን ዝቅ ብሎ የሚወጣው የማሞቂያችን ጭስ ማውጫ በነፋስ በተጠራቀመ በረዶ ተደፍኖ አይተው ከፍተውታል። እኔ ያ ቱቦ እዚያ መኖሩንም አላውቅም ነበር። እሱ ሲዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ተኝተው የሚቀሩበት ነው። መኪናም እንዲሁ ነው፤ የጭስ ማውጫው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ሞተር ማስነሳት አይገባም። ጠቋሚ መሳሪያው ቤታችን ውስጥ ነበር፣ ባትሪው ግን አልቋል። በዚያው ቀን ቀየርኩት። እናንተም ዛሬ እዩት።

ጋሼን የምትይዙ ከሆነ ግን ይህን እወቁ። ማዕበል ላይ ስልክ አያነሱም፣ ጽሁፍ ላኩላቸው። ጣሪያ ላይ አይወጡም፣ ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሌሊት ነው የሚመጡት፣ ማሽኑም ይጮኻል፤ እንቅልፉ የሚሳሳ ሰው ቀድሞ ይንገራቸው። ውሉ በጽሁፍ ነው። ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሆን እንደሚመጡ፣ በረዶው ካላቆመ ስንት ጊዜ እንደሚመለሱ፣ የከተማው መኪና ትቶት የሚሄደው ክምርና ደረጃው እንደሚካተቱ ተጽፏል። ኢንሹራንሳቸውን ሳልጠይቃቸው ነው ያሳዩኝ። ሌላ ሰው ለምትይዙም ቢሆን እነዚህን ጠይቃችሁ በጽሁፍ ተቀበሉ። ቤታችሁ ውስጥ እንደ እናቴ የእጥበት ቀጠሮ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ከባድ በረዶ ሲተነበይ አስቀድማችሁ ማዕከሉ ጋ ደውሉ። እኛ ዘንድ ቀጠሮውን በአንድ ቀን ቀደም ያደረጉልን ጊዜ አለ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እናቴ በዚያ ሌሊት መኪናው ውስጥ ሆና የኋላ መብራትዎን እያየች ስትመርቅዎት ነበር። ድምጿ ስለደከመ አልሰሙም። አሁንም በረዶ በወረደ ቁጥር “ልጄ፣ ሰውየው ሳይበርደው ገባ?” ብላ ትጠይቀኛለች። እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በክረምት ከ20 ቤት በላይ አይዙም፣ ከዚያ ካለፈ በሰዓቱ አልደርስም ይላሉ። ትናንት ስጠይቃቸው 3 ቦታ ቀርቷቸዋል። ሰፈራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ወይም የሕክምና ቀጠሮ ያለበት ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ለእነሱ ልደውል።