ዙም ለተማሪ፦ ለስብሰባ ጎበዝ፣ ለሙሉ ቀን ትምህርት አድካሚ

በቪዲዮ መገናኛ የሆነውን አፕ ዙምን ብዙ ሰው የሚመዝነው በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው። እኔ የማየው በተማሪ ዓይን ነው። ያውም ክፍሉም፣ የቡድን ሥራውም፣ ጓደኛውም አንዲት ስክሪን ውስጥ ተጠቅልሎ በገባበት ተማሪ ዓይን።

በጎኑን ላስቀድም። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ሊንኩን ነክቶ መግባት ነው። ኔትዎርክ ሲዳከም ቪዲዮውን ዘግቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ኮሌጆችን ሲዘጋ መምህራን ወደ እሱ የሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው የክፍሉ ፕሮግራም እንዳለ ተገልብጦ ስክሪን ላይ ሲለጠፍ ነው። የስታንፎርዱ ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 ባወጣው ጽሑፍ ለድካሙ አራት ምክንያቶች አስቀምጧል፦ በጣም ቀርቦ የሚያፈጥ የፊት ብዛት፣ የራስን ፊት ያለማቋረጥ ማየት፣ አንድ ቦታ ተተክሎ መቀመጥ፣ እና በአካል ሳለን ሳናስበው የምንረዳውን የፊትና የእጅ ምልክት አሁን ተጨንቀን መፈለጋችን። ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ሙሉ ሌክቸር መስታወት ፊት ተቀምጦ የሚማር ማን አለ?

ለዚህ ግን መፍትሔ አለው። የራሳችሁ ምስል ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ራሳችሁን ከራሳችሁ መደበቅ ትችላላችሁ፤ ሌላው ሰው ግን ያያችኋል። ካሜራ ክፈቱ የሚል መምህር ካላችሁ ይቺ ትልቅ እፎይታ ናት፤ እንዲህ የተደበቀች ቁልፍ መሆኗ ያናድዳል።

ሁሉም የሚረግመው የነፃው አካውንት የ40 ደቂቃ ገደብ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለተማሪ ውለታ ነው። ከፋይ አካውንት ያለው መምህር ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት ይነዳል፤ ነፃው ግን ቁርጥ ያደርገዋል፣ ተነስታችሁ ትንጠራራላችሁ።

ቀረጻው ላይ ግን ሁለት ልብ ነኝ። ያመለጠን ነገር ደግሞ መስማት ግሩም ነው። ነገር ግን የተቀዳ ሌክቸር ዕዳ ነው፤ «ማታ አየዋለሁ» ይባላል፣ ማታ አሳይመንት አለ፣ በነጋታው ሌላ ቪዲዮ ይደረባል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ፎልደሩን መክፈት ራሱ ያስፈራል። ድሮ ክፍል ሲያልቅ አለቀ ነበር። አሁን የሚያልቅ ነገር የለም፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ እንኳ «ያቺን ሌክቸር» እያሰባችሁ ነው። ለእኔ ተማሪውን ከስክሪኑ በላይ የሚያዝለው ይሄ ነው።

ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የሚከፋፍለው የዙም አገልግሎትስ? ሐሳቡ ሸጋ ነው። በተግባር ካሜራው ሁሉ ጥቁር፣ ማይኩ ሁሉ ዝግ፣ አንዱ ደፋር «እንጀምር እንዴ?» ይላል፣ መልስ የለም፣ ጊዜው ያልቃል። የሚሠራው አስቀድመው ለሚተዋወቁ ሰዎች ብቻ ነው።

ሴቲንግ ቀይሮ ሁሉን ማዳን እንደማይቻልም ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን (በረጅም ጫና ተሟጦ መዛልን) የሚገልጸው ከሥራ ጋር አያይዞ በሦስት ነገሮች ነው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ እና ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. የበርንአውትን መለኪያ ለተማሪም አስማምተውታል። ምስል መደበቅና እረፍት የሚያቀሉት የመጀመሪያውን ነው። «ምን ያደርግልኛል» ማለት ከጀመራችሁ፣ ወይም የምትችሉትን ትምህርት አልችልም እያላችሁ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከአፑ አልፏል፤ ለመምህር፣ ለአማካሪ ወይም ለሐኪም ንገሩ፤ የኮርስ ጭነት መቀነስም አንድ አማራጭ ነው።

ኮከብ ልስጥ ከተባለ፣ ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር ለማጥናት 4 ከ5። ለጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜም እንደዚያው። ለቀኑን ሙሉ ሌክቸር ግን 2፤ አንዷም የተገኘችው በ40 ደቂቃዋ ነው።