ቤት ለማስፋፋት የትኛው መሐንዲስ ይሻላል? ፎርማን፣ የግል ባለሙያ፣ አማካሪ ድርጅት ወይስ የኮንትራክተሩ ሰው

ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ የግንባታ ወሬ ይጀመራል። አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። አዲስ ቤት ከሚጀምረው ይልቅ የኖረበትን የሚያሰፋው ይበዛል። አንዱ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ይቀጥላል። ሌላው ፎቅ ያነሳና ምድር ቤቱን ሊያከራይ ያስባል።

ቀለሙንና መስኮቱን ለአርክቴክቱ እንተውለት። እዚህ የማወራው ስለ ስትራክቸር ባለሙያው ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) ስንት ፌሮ (የአርማታ ብረት) ይግባበት፣ መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ ከተማ ይህን ሥራ በአራት መንገድ ማሠራት ይቻላል። ዋጋቸው ይለያያል፤ ከዋጋው በላይ የሚለያዩት ግን ነባሩን ቤት ማን መጥቶ ያየዋል፣ አርማታ በሚሞላበት ቀንስ ማን ይገኛል በሚለው ነው። እኔ የማወዳድረው በዚሁ ነው።

ነባሩ ቤት ለምን ይታያል?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 100 ካሬ ሶሌታ (የፎቁ አርማታ ወለል) 15 ሳንቲም ውፍረት ቢኖረው 15 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ከነብረቱ 25 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ሶሌታው ብቻውን 375 ኩንታል ይሆናል። ግድግዳው፣ ንጣፉ፣ ዕቃውና ሰዉ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ ወርዶ የሚያርፈው ዱሮ ለቆርቆሮ ጣሪያ ተብሎ በተቆፈረ መሠረት ላይ ሊሆን ይችላል።

“ኧረ ለፎቅ ተብሎ ፌሮ ተትቷል” የሚል አይጠፋም። ከጣሪያ በላይ ብቅ ያለ ፌሮ በየሰፈሩ አለ። ፌሮው የሚነግራችሁ የባለቤቱን ሐሳብ እንጂ የመሠረቱን ስፋት አይደለም። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብዙ ክረምት ዝናብ የመታው ፌሮ በጣት ሲነካ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ አርማታው ውስጥ ከሚገባበት አንገቱ ላይ ደግሞ ቀጥኖ ይገኛል። አዲስ ፌሮ ተደርቦ የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። ቀጥ ያለ መሐንዲስ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስፍቆ የቀረውን ውፍረት ይለካል። ከዚያ ከአንዱ ኮለን ጎን ጉድጓድ አስቆፍሮ የፉቲንጉን (ከኮለኑ ሥር ያለውን የመሠረት እግር) ጥልቀትና ስፋት በሜትር ያያል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሌላው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አፈሩም አለ። አንዱ ሰፈር ቀይ አፈር ነው፣ ሌላው ጥቁር ዋልካ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በጎን የምትቀጥሉት ክፍል በዚህ አፈር ላይ ከአሮጌው ጋር እኩል አይቀመጥም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አዲሱ የራሱ ኮለንና መሠረት ይኖረውና በሁለቱ መሀል ጥቂት ሳንቲም ክፍተት ይተዋል። ግንበኛ ክፍተቱን አይወድም፤ “አያምርም” ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። በዓመቱ ስንጥቁ እዚያው ላይ ይወጣል።

ፎርማኑ

ግንበኞቹን የሚመራውን ፎርማን አትናቁት። የሰፈሩን አፈር በእጁ ያውቀዋል፤ ስንት ሜትር ላይ ጥቁር ድንጋይ እንደሚገኝ ሳይቆፈር የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዋናው ቤት ተለይቶ ለሚቆም ባለ አንድ ክፍል ሰርቪስ ልምዱ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለፎቅ ግን አይሆንም። “ለኮለን አራት ባለ 14 ሚሊ ፌሮ ይበቃል” የሚለው ሌላ ቤት ላይ ስለበቃ ነው። ፈቃድ ክፍሉም አይቀበለውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን በሦስት ምድብ ከፍሎት ነበር። በኮለኖቹ መሀል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ ሀ ነበር። ሁለት ወለል ሲሆን ወደ ምድብ ለ ይሻገር፣ የሚጠየቀው የባለሙያ ዓይነትም አብሮ ይለወጥ ነበር። አሁን የሚሠራበትን ዝርዝር ከክፍለ ከተማችሁ ጠይቁ።

የግል ባለሙያውና አማካሪ ድርጅቱ

አብዛኛው ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

የግል ባለሙያው ዋጋው ይቀላል፤ ስልኩንም ራሱ ያነሳል። ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ተመርቀው ቀን መሥሪያ ቤት፣ ማታ ላፕቶፕ ላይ የሚሠሩ ጎበዞች አሉ። ለጂ+1 (ምድርና አንድ ፎቅ) ቤት ጥሩ የግል ባለሙያ ካገኛችሁ ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልጋችሁም። ችግሩ ማህተም ነው። አንዱ ይሠራል፣ ቤቱን ዐይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ማህተም ያሳርፍበታል። ስለዚህ ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። የዘንድሮ ዕድሳት አለው? ስሙ ፕላኑ ላይ ከሚፈርመው ሰው ጋር አንድ ነው? ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ባለሙያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አማካሪ ድርጅት ይወደዳል። በለውጡ የአፈር ምርመራውን፣ የመብራቱንና የውሃውን ፕላን በአንድ ውል ታገኛላችሁ። አንዱ ባለሙያ ቢለቅ ፋይሉ ቢሮ ይቀራል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ቤቱን እህቱ የምታሠራ ከሆነ እኔ ድርጅቱን እመርጣለሁ። በየጊዜው የተጻፈ ሪፖርትና ፎቶ የመላክ ግዴታ በውሉ ሊገባ ይችላል። ዘመድ መሐንዲስ በስልክ “ተረጋጋ፣ ሁሉም ሰላም ነው” ከሚለው ይህ ይሻላል። የድርጅት ጉድለቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያነጋገራችሁ ትልቁ መሐንዲስ ሳይት ላይ አለመታየቱ ነው፤ የሚመጣው ዘንድሮ የተቀጠረው ልጅ ነው። ልጁ መምጣቱ ምንም አይደለም፣ ዋናው ሰው ለየትኛው ሥራ ራሱ እንደሚገኝ ግን ይጻፍ።

ሁለቱም ኢታብስ በሚባለው የስትራክቸር ማስሊያ ፕሮግራም የተሠራ ወፍራም ስሌት አትመው ሊሰጧችሁ ይችላሉ። በገጹ ብዛት አትደነቁ። ኮምፒዩተሩ የተነገረውን ያምናል። የድሮው ፉቲንግ ሳይለካ “1.50 በ1.50 ይሁን” ተብሎ ከገባ ስሌቱ ሁሉ በግምት ላይ ቆመ ማለት ነው።

የኮንትራክተሩ መሐንዲስ

ፕላኑም ግንባታውም ከአንድ እጅ ይወጣል። ለሥራ ቶሎ ማለቅ ምቹ ነው። ጥቅሙ ወዴት እንደሚያደላ ግን ከክፍያው ዓይነት ይታያል። በቁርጥ ዋጋ ከተዋዋላችሁ ፌሮው ሲቀንስ ትርፉ የእሱ ነው። በልኬት (የተሠራው እየተለካ የሚከፈል) ከሆነ ደግሞ ፌሮው ሲበዛ ሒሳቡ ይጨምራል። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዲዛይኑን የሚያርም ሌላ ዓይን የለም። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ቢያንስ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ከፕላኑ ጋር የሚያመሳክር የውጭ መሐንዲስ ለአንድ ቀን ቅጠሩ።

ሲደውሉ የሚለይ ነገር

በመጀመሪያው ስልክ ሰው ይታወቃል። አንዱ እንዲህ ነው፦

“እማማ፣ ስንት ካሬ ነው?”
“መቶ ገደማ፣ ልጄ።”
“በቃ፣ በሳምንት ይደርሳል።”

ሌላው ደግሞ፦

“እማማ፣ መጀመሪያ ሲሠራ የነበረው ፕላን አለዎት?”
“ባለቤቴ ነበር የሚያስቀምጠው፤ እንጃ።”
“ችግር የለም፣ ቅዳሜ መጥቼ ልየው። አንድ ቆፋሪ ያዘጋጁልኝ።”

የሁለተኛው ዋጋ ቢበልጥም ወደ እሱ ሂዱ።

ዋጋ ስታወዳድሩ አንዱ በካሬ፣ ሌላው በጥቅል ይነግራችኋል። ያንኑ ሥራ እያወዳደራችሁ መሆኑን የምታውቁት ሁለቱም የነባሩን ቤት ምርመራ፣ የፌሮ ዝርዝር ያለበትን ፕላንና የሳይት ጉብኝቶችን ለየብቻ ዋጋ አውጥተው ሲጽፉ ነው። ጉብኝቶቹ ቢያንስ መሠረቱ ተቆፍሮ ሳይሞላ፣ የኮለኑ ፌሮ ታስሮ ካሳፎርማ (አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ) ሳይዘጋ፣ ሶሌታው ሳይሞላ፣ መደገፊያው ሳይነሳ ይሁኑ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግንበኛው እንጨቱን ለሌላ ሳይት ስለሚፈልገው ይቸኩላል፤ ለአርማታው የታሰበው ጥንካሬ የሚለካው ግን በ28 ቀኑ ነው። መደገፊያው መቼ እንደሚነሳ መሐንዲሱ በጽሑፍ ይወስን።

ከሐይቁ ወይም ከዓባይ አጠገብ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሆኖ ሊያታልል ይችላል። በነሐሴ የጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም ጠይቃችሁ፣ ቆፋሪው ከመምጣቱ በፊት ለመሐንዲሱ ንገሩት።