እናቴን ያስገቡልኝ ጤና ጣቢያ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ለመውለድ ያሰባችሁ እህቶች ልምዴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ሌላ ቦታ ነው የወለድኩት፣ ስሙ ይቅር፣ እናቴንም ባሌንም በር ላይ አስቀርተዋቸው ብቻዬን ጣራ ጣራውን እያየሁ ነጋልኝ። ከምጡ ፍርሃቱ ነው የገደለኝ። እናቴ ውጭ ሆና ማርያም ማርያም ስትል ይሰማኛል ግን እጇን መያዝ አልችልም፣ እሱን እስካሁን አልረሳውም።

ዘንድሮ ግን እዚህ ጤና ጣቢያ ገና ስገባ አዋላጇ "ማን አብሮሽ ይግባ?" አለችኝ፣ ጆሮዬን አላመንኩም! እማዬ ጋቢዋን እንደደረበች ገባች፣ ወገቤን እያሸች ውሃ እያጠጣችኝ አደረች። ምጥ ያው ምጥ ነው፣ ግን ሰው ሲረጋጋ በጣም ይለያል፣ ስንፈራ ሰውነታችን ውስጥ የሚመነጨው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ምጡን ሊያጓትተው ይችላል አለችኝ አዋላጇ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እናትየዋ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ይላል፣ ታዲያ ሌላው ቦታ ምን ሆነው ነው የሚከለክሉት?

ቅሬታዬ መጋረጃው ነው። በአልጋዎቹ መሀል ያለው አጭር ስለሆነ ወንድ አያስገቡም፣ ሌሎቹን እናቶች ሳስብ ልክ ናቸው፣ ግን ባሌ ያንን የደብረ ብርሃን ብርድ ግቢ ውስጥ ሲጠጣው አደረ ምስኪን። ለማዋለጃ አልከፈልንም። ገንፎ የሚገነፋበት ክፍልም አለ፣ ቅቤና በርበሬ ግን ከቤት ነው፣ ብርድ ልብስም ደረብ አድርጋችሁ ያዙ የነሱ ስስ ነው።